የድሮ ልክ

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ ግቢው ጥግ በላስቲክ የተሸፈነውን ነገር ጫፉን ገለጥ አድርጋ። «ሌላ ሰው ደግሞ ሞተ እንዴ?»

«ሸፍኚው ባክሽ!» አሉ የሟች አጎት ከተደረደሩት ወንበሮች መሃል ብድግ ብለው። «የሱው ሳጥን ነው። ማሽን አበላሽቶት ነው።»

«ማሽን ደግሞ የሬሳ ሳጥን ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ! ሠርቶ አይደል በሰው ፊት ያዋረደን።»

ሴትዮዋ ላስቲኩን ለቀቀችው፤ ትንሽ ቆይታ ግን መልሳ ገለጠችው። አይፈረድባትም። ሳጥኑ አንዴ ያየው ሰው መልሶ ሳያየው የሚያልፈው ዓይነት አልነበረም። ማዕዘን የሚባል ነገር የለውም። ትከሻው ላይ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወገቡ ጋ ጠበብ ይላል፤ ከዚያ እየለሰለሰ እስከ እግርጌው ይወርዳል። ጎንና ጎኑ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ስንጥቆች ብርሃን ያሳልፋሉ። «ውይ፣ ሲያምር!» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሚጣ ይህን ሁሉ የሰማችው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ቆማ ለሰው ቡና ስትቀዳ ነበር። «ሲያምር» ሲባል እጇ ከፔርሙሱ ጋር ደርቆ ቀረ፤ ቡናው ስኒውን ሞልቶ፣ ማስቀመጫውንም ሞልቶ አንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።

«በቃኝ ልጄ፣ በቃኝ» አሉ ሽማግሌው ሱሪያቸውን እያራገፉ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ «ምን ታድርግ፣ ወንድም እኮ ነው የሞተባት!» አሉ።

የሰማው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። ሚጣን ግን በነዚህ ቀናት ከስድብ ይልቅ የሚከብዳት ይኸው ከንፈር መጠጣ ነበር። ስድብ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚገባት ደረሳት ማለት ነው።

ሚጣ የምትባለው እዚህ ቤት ብቻ ነው። የራሷ ወርክሾፕ አላት፣ ሠራተኛ ታዛለች፣ በሙያዋ እየተጋበዘች ንግግር ታደርጋለች፤ ሽበቷንም ቀለም መቀባት ከጀመረች ቆየት ብላለች። ይህ ሁሉ ከዚህ በር መለስ ዋጋ የለውም። ስሙን ያወጣላት ይኸው የሞተው ወንድሟ ነው፤ ወላጆቻቸው ገና በልጅነቷ ሲሞቱ ያሳደጋትም እሱ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ልጅቷን የሚጠብቅለት ሰው ባጣ ቁጥር ከወንበሩ ኋላ ያለችው ቦታ ላይ አስቀምጧት ይሄዳል። እናም ሌላው ልጅ ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ ሚጣ ያደገችው አንድ ሰፊ ጀርባ እያየች ነው።

በኋላ ታዋቂ ያደረጋት ወንበርም የመጣው ከዚያው ጀርባ ነበር። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ባጭሩ፣ ጠፍጣፋ ጣውላ በእሳትም በውሃም ሳይሆን በሒሳብ እንዲጎብጥ ታደርጋለች። ኮምፒውተር ላይ የጎበጠ ቅርጽ ትሥላለች። ራሷ የጻፈችው ፕሮግራም ያንን ቅርጽ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ያደርገውና፣ የት የት ቢሰነጠቅ መልሶ እንደሚጎብጥ ያሰላል፤ ጉብጠቱ የሚበረታበት ቦታ ስንጥቆቹ ይጠጋጋሉ፣ የሚለዝብበት ቦታ ይራራቃሉ። ከዚያ ማሽኑ ኮምፔርሳቶውን በዚያው መሠረት ሲሰነጣጥቀው፣ ግትር የነበረው እንጨት እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ወንድሟ ይህን መጀመሪያ ያየ ቀን ራሱን እየነቀነቀ፣ «እንግዲህ አሁን ደግሞ እንጨት ማግባባት ጀመርሽ» ብሏት ነበር።

የሰውን ጀርባ በልኩ የሚደግፍ ወንበር ለመሥራት ስታስብ ሞዴል የሚሆን ሰው አልፈለገችም። እሱን ጠራችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ ሸሚዙን አውልቆ በካኒቴራ ቆሞ። «መቀመጥን ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ አምጪ!»

ስካን ማድረጊያውን ይዛ ስትዞረው፣ ሳይነካው ኮረኮረው። ይስቃል፤ በሳቀ ቁጥር ትከሻው ይነቃነቃል፣ ምስሉ ይበላሻል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። «ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ሰው ሁን!» ትለዋለች እሷም ሳቋን መያዝ አቅቷት። በስንት ልመና ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ።

«አሁን ይሄ እኔ ነኝ?» አለ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ግራጫ ሰው እያየ።

«አንተው ነህ። አንዲት ሚሊሜትር አትጎድልም።»

«እኔ ስወፍር እሱም ይወፍራል?»

«እሱ ምን በልቶ ይወፍራል ጋሼ?»

ይህችን መልስ ለሹፌር ጓደኞቹ ሁሉ እየዞረ አወራት። ወንበሩ ተሠርቶ ሚጣን ስም ሲያሰጣትም፣ የመጀመሪያው ወንበር የሱ ሳሎን ገባ፤ ሰው በመጣ ቁጥር «እስቲ ተነሡና ጀርባዬን ልያት» እያለ ያስቅ ነበር።

ከዚያ ታመመ። ኩላሊቱ ነው መባሉን ሰማች፣ አለቀሰችም። በየእሁዱ ትደውልለታለች።

«የት ነህ ጋሼ?»

«የት እሆናለሁ፣ ወንበርሽ ላይ ነኛ!»

«በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፤ ይሄን ሥራ ብቻ ላስረክብ።»

«ስትችዪ ነይ። ሥራሽን ግን እንዳትበድዪ።»

ቤቱ ከወርክሾፗ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥራው ሰበብ ነበር። ያ ጀርባ አልጋ ላይ ወድቆ ማየትን ፈራች፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሰበብ አያጣም። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ከዓመት አለፈ። አንድ እሁድ፣ «ወፈር ብዬልሻለሁ» ብሏት ነበር። «ተመችቶሃል ማለት ነው!» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። በሽታው ከላይ እስከ ታች እንዳሳበጠው ሊነግራት የሞከረው ያኔ ይመስላታል፤ እንደ እንግዳ አንገቱን አስግጎ አንድ ጊዜ በሯን ያንኳኳ ያህል ነበር፣ እሷ ስትስቅ ደግሞ ተመለሰ።

ሰው ሲሞት ዘመድ ወደ ለቅሶ ቤት ይሮጣል። ሚጣ መርዶው ሲደርሳት ወደ ወርክሾፗ ሮጠች። ከዚያ ሆና ለወንድሟ ሚስት ደወለች።

«እትዬ፣ ሳጥን እንዳይገዛ። እኔ ነኝ የምሠራለት።»

እትዬ ድምጿ በለቅሶ ተዘግቶ፣ «ልኩን ታውቂዋለሽ?» አለቻት።

«ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ከዚያ ወዲህ ቡና ስትቀዳም፣ ስኒ ስታጥብም፣ ሰው ሲያቅፋትም የምትሰማው ይህንኑ የራሷን መልስ ነው። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል!

ፋይሉን ከፈተች። ግራጫው ሰው ስክሪኑ ላይ ዞረላት፤ እያለቀሰች ሠራችው። እንዳይጨንቀው በየጎኑ ሦስት ሦስት ጣት ጨመረች። ሳጥኑ ማዕዘን እንዲኖረው አልፈለገችም፤ ተኝቶ በመዳፍ እንደተያዘ ሰው እንዲሆን ነበር ሐሳቧ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛዋም የላከችለትን ልክ ቆረጠላት። ተገጣጥሞ ሲያልቅ፣ ይህንንም ታፍርበታለች፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ወደኋላ ፈቀቅ ብላ በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

ሆስፒታሉ በር ላይ አስከሬኑን ሲያወጡት፣ «ተሳስታችኋል» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ፊቱ የማታውቀው ፊት፣ ትከሻውና ሆዱ የሌላ ሰው ነው። ከዚያ በልጅነቱ ውሻ የነከሰውን ጆሮውን አየች፤ አፏን ዘጋች። ወንዶቹ አንሥተው አወረዱት፤ አልገባም። ወደ ጎን ዘንበል አደረጉት፤ አልገባም።

«ትንሽ ጫን አድርጉት» አሉ አጎት።

ጫን አደረጉት። እንጨቱ ሲጥ አለና ከስንጥቆቹ አንዱ ተገነጠለ።

«አትጫኑት!» ብላ ጮኸች እትዬ። ያን ቀን ከአፏ የወጣ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ሹፌር ዝግጁ ሳጥን ሊገዛ ሮጠ። የቀረው ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ሟችም በአንሶላ ተሸፍኖ አብሮ ጠበቀ። አጎት ቀብር ላይ ለመድረስ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ወደ ሚጣ ዞሩ። «ማሽኑ ነው አይደል ያበላሸው?» አሉ፤ እንዲህም ያሉት እሷን ከሰው ዓይን ለማዳን ነበር።

ሚጣ አንገቷን ነቀነቀች። «ማሽኑ ነው» አለች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማሽን ግን ቢሰድቡት አይደነግጥ፣ ቢያኮርፉት አይገባው፤ ሰዉም በማግስቱ «ማሽኑ» ማለቱን ትቶ «ማሽኒስቱ» ማለት ጀመረ። ከዚያ «ጠጥቶ ነበር አሉ» ተጨመረ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ «አሉ» ነው። ሠራተኛዋ መጠጥ በደረሰበት የማይደርስ፣ ሻዩን እንኳ አቅጥኖ የሚጠጣ ጨጓራም ሰው ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሚሊ ይሉታል፤ ነገር ሁሉ በሚሊሜትር ነውና፣ «ስኳር ምን ያህል?» ሲሉት «ሁለት ሚሊ» ይላል። ሚጣ ስሙ ሲነሣ በሰማች ቁጥር «አይደለም» ልትል ትነሣና ስኒ ሰብስባ ትመለሳለች። «አይደለም» ካለች «ታዲያ ማነው?» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ከንፈር የሚመጥላት ሰው፣ ያሳደጋትን ወንድሟን ታሞ ሳትጠይቀው እንደቀበረችው ሊያውቅ ነው።

ሴትዮዋ ላስቲኩን በገለጠችበት ቀን ረፋዱ ላይ የሟች የድሮ ጓደኞች የነበሩ ሹፌሮች መጥተው ሳሎኑን ሞሉት። ጮክ ብለው የሚያወሩ፣ ጮክ ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው።

«መጨረሻ ላይ እኮ በዚህ በር የሚገባው በጎኑ ነበር» አለ አንደኛው በሩን እያሳየ። «ደግሞ አይናደድም! ‹አውቶቡሱን ራሴው ሆንኩት› ይላል።»

«መስታወት ሳይ ‹ማን ልበል?› ይለኛል ሲልስ?» አለ ሌላው ዓይኑን እየጠራረገ። ወደ ሚጣ ዞረ። «ያን ቀን ነበርሽ አይደል እህቴ? አስታወስሽው?»

ሚጣ ፔርሙሱን እንደያዘች፣ «አስታውሳለሁ» አለች።

እትዬ ዳቦ የተደረደረበት ትሪ ይዛ እያለፈች ነበር። ቆም አለች፤ አየቻት፤ አለፈች። ሚጣ በቀን ስንት ጊዜ እዋሻለሁ ብላ አሰበች።

«ወንበሩስ የታለ?» አለ ሹፌሩ ዙሪያውን እየቃኘ። «ጀርባዬን ልያት የሚላት?»

የሳሎኑ ጥግ ባዶ ነበር። ሚጣ እስካሁን አላስተዋለችውም።

«ጓዳ ነው» አለች እትዬ ከወዲያ ሆና፣ አጠር አድርጋ።

ሚሊ ከቀትር በኋላ መጣ። ሳጥኑን ሊወስድ ፒክአፕ ተውሶ፣ ለለቅሶ የሚሆን ልብስ አጥቶ የወንድሙን ሰፊ ኮት ለብሶ ነው የመጣው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሁሉም አንገቱን ዝቅ እያደረገ ገባና ከግቢው በር አጠገብ ያለች ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም ቡና አላቀረበለትም። አጠገቡ የነበረች ሴት ቦርሳዋን ከመሬት አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አንተ ነህ ማሽኒስቱ?» አሉ አጎት።

«አዎ አባቴ። እግዜር ያጽናችሁ።»

«ያጽናችሁ! ደፍረህ ያጽናችሁ ትላለህ? ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሚተኛበትን እቃ እንደ ቁም ሳጥን ቆራርጠህ ትልካለህ? ልኩ ተሰጥቶህ ልኩን መቁረጥ ምን ይከብዳል?»

ሚሊ ቀና ብሎ ወደ ሳሎኑ መስኮት አየ። ሚጣ እዚያው ቆማለች። ለቅጽበት ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

«ይቅርታ አባቴ» አለ።

«ይሄኔም ቀማምሶ ይሆናል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አንዳንዱ ሳቅ እንደማለት ብሎ በሳል ሸፋፈነው። ሚሊ ጆሮው ቀላ። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ግቢው ጥግ ሄደና ላስቲኩን ማንሣት ጀመረ።

ሚጣ ፔርሙሱን አስቀምጣ ወጣች።

«አለቃ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አላት በሹክሹክታ። «ቶሎ እናውጣው።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ለቅሶ ቤት መጥቼ ከሽማግሌ ጋር ልከራከር? የተላከልኝን ነው የቆረጥኩት ካልኩ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ሐዘንሽ ይበቃሻል።» ላስቲኩን አጣጠፈው። «ነገ ይረሱታል።»

«ጠጪ ነው እኮ የሚሉህ።»

«ሰማሁ» አለ። ላስቲኩን አስቀምጦ ደግሞ፣ «እሷ እንኳ ትንሽ ከብዳኛለች» አለ።

ሳጥኑን በሁለት ወገን አነሡት። ቀላል ነበር፤ ተሸካሚዎቹ እንዳይደክሙ ብላ ራሷ ያቀለለችው። በወንበሮቹ መሃል ሲያልፉ ሰዉ ከልማድ ብድግ ብድግ አለ፤ አንዳንዱም ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ባዶ መሆኑ ትዝ ሲለው እንደገና መቀመጡ ደግሞ አሳፈረውና ቆሞ ቀረ።

«ሁለተኛ የሰው ሬሳ እንዳታዋርድ!» አሉ አጎት ከኋላ።

ሚጣ በሷ በኩል ያለውን ጫፍ መሬት አስቀመጠች።

«ልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ አንቺን ማን—»

«አጎቴ ይስሙኝ። ማሽኑ አልተሳሳተም። እሱም አልተሳሳተም፤ መጠጥም ቀምሶ አያውቅም። የላክሁለትን ነው የቆረጠው። የላክሁለት የድሮ ልክ ነው፣ ጋሼ ሳይታመም የነበረው።»

አጎት ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሁንም መውጫ ሊፈልጉላት ሞከሩ። «ታዲያ በድንጋጤ ሰውነቱ መለወጡን ረሳሽው» አሉ። «ማንም ይረሳል።»

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። ሰዉም እንድትለው እየጠበቃት ነው።

«አልረሳሁም። አላወቅሁም» አለች። «ታሞ አንድም ቀን መጥቼ አላየሁትም። ከዓመት በላይ። እየደወልኩ እመጣለሁ እለው ነበር፤ አልመጣሁም። ሲሞትም መጀመሪያ የሄድኩት ሥራ ቦታዬ ነው።» ወደ ሹፌሮቹ ዞረች። «ጠዋት አስታውሳለሁ ያልኳችሁም ውሸቴን ነው።»

«አይዞሽ» ያላት የለም፤ «እንዴት?» ያላትም የለም። ሹፌሩ የእጁን ስኒ መሬት አስቀምጦ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሚጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬት ግን ለማንም እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። አጎት ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጫን አድርጉት ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

«አለቃ» አለ ሚሊ በለሆሳስ፣ የሱን ጫፍ እንደተሸከመ። «አንሺው፤ ክንዴ ዛለ።»

አነሣችው። ፒክአፑ ላይ ጭነው በገመድ አሰሩት። ሚሊ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አጎት ራሳቸው አንድ ስኒ ቡና በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መኪናው ሄዱና በመስኮቱ አቀበሉት። ምን እንዳሉት አልተሰማም። ሚሊ ግን ያ ሁሉ ጨጓራው እያለ እስከ አተላው ጨለጠው።

ሚጣ በሰዎች ፊት መልሳ ማለፍ አልቻለችም። ቤቱን ዞራ በኋላ በር ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ስኒ ታጥባለች። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ግቢው ክፍት ነው።

«ሰማሽ?» አለች ሚጣ።

«ሰማሁ።» እትዬ አንድ ስኒ አለቅልቃ ደፋችው። «እኔማ ያወቅሁት ሆስፒታል ነው። ሳጥኑን ገና ሳየው፣ በዚህ የሚገባው የድሮው ባሌ ነው አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? ባሌን ልቀብር ነበር እኮ የቆምኩት።» ሌላ ስኒ አነሣች። «ዛሬ ጠዋት አስታውሳለሁ ስትዪ ግን ትሪውን ልለቅብሽ ምንም አልቀረኝ።»

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«ዛሬ አልችልም» አለች እትዬ። ድምጿ አልተቆጣም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ውሸት ይሆንብኛል። በኋላ እንጃ። ዛሬ ግን ተናድጄብሻለሁ፣ እወቂው።»

ሚጣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ከጓዳው በር ስንጥቅ የወንበሩ ጎባጣ መደገፊያ ይታያል፤ ላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ።

«አልበቃው ብሎ ነበር» አለች እትዬ ዓይኗን ተከትላ። «ጎንና ጎኑን እየቆረጠው ሰንበር ያወጣበታል። ከሳሎን አንሥቼ ጓዳ ከተትኩት። ‹ለሚጣ እንዳትነግሪያት፣ ቅር ይላታል› አለኝ። እሁድ እሁድ ግን አምጪው ይለኛል። አንቺ ከመደወልሽ በፊት እንደምንም ተጨናንቆ ይቀመጥበታል። የት ነህ ስትዪው ወንበርሽ ላይ ነኝ ለማለት። እሷን ልዋሻት እንዴ ይላል። ስትዘጊው በሁለት እጄ ጎትቼ ነው የማወጣው።»

ሚጣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጫፍ ያዘች። ያሳፈራት ነገር ሁሉ አልቋል ብላ ነበር፤ አላለቀም። ያን ሁሉ እሁድ «በሚቀጥለው ሳምንት» ስትለው፣ እሱ እንጨቷ ጎኑን እየበላው «ሥራሽን እንዳትበድዪ» ይላት ነበር። ለቅሶው የመጣው አሁን ነው። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚህ አላለቀሰችም፤ ያኔ ሰው ያያት ነበር። እትዬ አላባበለቻትም፤ ስኒዎቿን ማጠቡን ቀጠለች፣ ውሃውን ብቻ ቀነስ አደረገችው።

«ምን ያህል ሆኖ ነበር?» አለች ሚጣ ድምጿ ሲመለስላት። «ከሞተ በኋላ ለአፍታ ነው ያየሁት። አላውቀውም እኮ።»

እትዬ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን በፎጣ አደረቀች።

«ነይ እስቲ» አለች።

የሚጣን እጆች አንጓቸው ላይ ያዘችና ወደፊት ዘረጋቻቸው። ትንሽ ከፈት አደረገቻቸው፤ አሰበች፤ ገና ከፈት አደረገቻቸው። ክርኖቿን ወደ ውጭ ገፋ፣ መዳፎቿን ደግሞ ወደ ውስጥ መለስ አደረገች። «በየጠዋቱ አቅፌ ነው ከአልጋ የማስነሣው» አለች፣ ዓይኖቿን ጨፍና። «አይ፣ ትንሽ ሰፋ። አዎ። ጣቶችሽ ከኋላው አይገናኙም፤ እዚህ ጋ ይቀራሉ። ልክ እንዲህ። እሱ ደግሞ ራሱን እዚህ ትከሻሽ ላይ ጣል ያደርግና፣ በቃ እንደዚያው ሆናችሁ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ። ከዚያ ነው የምታስነሺው።»

«ቡና አለቀ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን ተሰማ።

እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ባዶውን ፔርሙስ ይዛ፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታልፍ በጎን በኩል አልፋት ሄደች።

ሚጣ ወጥ ቤቱ መሃል ቀረች። ክንዶቿ እንደተከፈቱ ናቸው። እየቆየ ዛሉ፤ ትከሻዋም መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላወረደቻቸውም። ጭንቅላቷን ብቻ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ለሌላ ራስ የሚሆን ቦታ ተወች።